ምናባዊ ልብ ለእኛ ታማሚ፦ መጀመሪያ የማንን ሰውነት እንለካ?

መለኪያ (የሕክምና መሣሪያ መሐንዲስ፣ ሜክሲኮ አካባቢ)

ለተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣

ሥራዬ የኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ)፣ የኤክስሬይና የሲቲ ስካን መሣሪያዎችን መጠገንና ልካቸውን ማስተካከል ነው። ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ፒያሳ ባሉ የሕክምና ተቋማት ስዘዋወር ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። አንድ ታማሚ ደረቱን ሲቲ ስካን ሲነሣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስሎች ይወጣሉ፤ ሐኪሙ ተመልክቶ የግማሽ ገጽ ውጤት ይጽፋል፤ ምስሎቹ በሲዲ ለታማሚው ይሰጣሉ፤ የተቋሙ ቅጂ ደግሞ ማከማቻው ሲሞላ ይደመሰሳል። የተደመሰሰው ግን የዚያ ሰው ልብና የደም ሥር ቅርጽ ከሚሊሜትር ባነሰ ልክ ተለክቶ የተቀመጠበት መዝገብ ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ የማዝንበትን ምክንያት ላስረዳ።

በሌላው ዓለም ከእንዲህ ዓይነት ምስሎች ምናባዊ ልብ፣ ምናባዊ ጉበትና ምናባዊ አንጎል እየተሠራ ለሕክምና ውሳኔ መዋል ጀምሯል። «ዲጂታል መንትያ» የሚሉትም አሉ። ለተማሪ የሚታይ ባለቀለም የልብ ሥዕል ማለት አይደለም። ቅርጹ ከታማሚው ከራሱ ምስል የተወሰደ፣ እንቅስቃሴው በፊዚክስና በኬሚስትሪ ሕግ የሚመራ፣ ሐኪሙ «ይህን የደም ሥር ባሰፋው፣ ይህን መድኃኒት ብሰጠው ምን ይከተላል?» ብሎ ሲጠይቀው በቁጥር የሚመልስ ስሌት ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ሆጅኪንና ሃክስሊ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሳይንቲስቶች የነርቭ የኤሌክትሪክ ምልክት እንዴት እንደሚተላለፍ ስኩዊድ በሚባል የባሕር እንስሳ ወፍራም ነርቭ ላይ ለክተው እ.ኤ.አ. በ1952 በቀመር አስቀመጡት። ዴኒስ ኖብል የተባለ ወጣት ተመራማሪ ደግሞ ያንኑ ቀመር ለልብ ሕዋስ አስተካክሎ እ.ኤ.አ. በ1960 የልብ ምትን በኮምፒውተር አስልቶ አሳተመ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ የነበረውን ኮምፒውተር እንዲጠቀም የተፈቀደለት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነበር። ዛሬ ያንን ስሌት በኪሳችን ያለው ስልክ በቅጽበት ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ የያዘን የኮምፒውተር እጦት ነው ብዬ አላምንም።

በሕክምና ላይ የዋለውን አንዱን ላንሣ። ልብን የሚመግብ የደም ሥር ሲጠብ ዋናው ጥያቄ ጥበቱ ደሙን ምን ያህል አግዶታል የሚለው ነው፤ በዓይን ሲታይ ጠባብ የሆነ ሁሉ ደም አያግድምና። የተለመደው መንገድ ከእጅ አንጓ ወይም ከብሽሽት ተነሥቶ ቀጭን ሽቦ እስከ ልብ የደም ሥር ድረስ ማስገባት፣ ከዚያም ከጥበቱ በፊትና በኋላ ያለውን ግፊት ለክቶ ማነጻጸር ነው። የኋለኛው ለፊተኛው ሲካፈል 0.80 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጥበቱ ደም እያገደ ነው ይባላል። ሃርትፍሎው የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ይህንኑ ቁጥር ሽቦ ሳይገባ፣ ከሲቲ ስካን ምስል ተነሥቶ በፈሳሽ ፍሰት ቀመር የሚያሰላ ሥርዓት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ከአገሩ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት በታተመ በአውሮፓ ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት፣ ሽቦ ሊገባላቸው ታቅዶ በምትኩ በዚህ መንገድ ከተመረመሩት ታማሚዎች የ61 በመቶው የሽቦ ምርመራ ተሰርዟል።

ይሁን እንጂ ቀመሩ ለስሕተት ምሕረት የለውም። አንድ ቱቦ የውስጥ ስፋቱ፣ ማለትም ዲያሜትሩ፣ በግማሽ ቢቀንስ ያንኑ ያህል ፈሳሽ ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ግፊት 16 እጥፍ ይሆናል፤ ምስሉ ላይ የተፈጠረች ጥቂት ብዥታ መልሱን ከ«አያስፈልገውም» ወደ «ያስፈልገዋል» ልትገለብጠው ትችላለች ማለት ነው። እኔ ሲቲ ስካንን ስፈትሽ ውኃ የተሞላ መለኪያ አስገብቼ መሣሪያው ለውኃ 0 ቁጥር መስጠቱን አረጋግጣለሁ። ከ0 ርቆ ካነበበ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ምስል ሁሉ አብሮ ይዛነፋል። ምናባዊው አካልም እንዲሁ መነሻ ልክ ይፈልጋል፤ የዛሬዎቹ ሞዴሎች መነሻ ልክ ግን በአብዛኛው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሰዎች የተወሰደ ነው።

የእኔ አቋም ሞዴሉን ከመግዛት ወይም ከመሥራት አስቀድመን የራሳችንን ሰው መለካትና ልኩን ሳንደመስስ ማስቀመጥ አለብን የሚል ነው። የተሳሳትሁበት ካለ አርሙኝ።

---

የልብ ክፍል (ሐኪም)

መሐንዲስ፣ ጽሑፍዎን በደስታ አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም በመረጡት ምሳሌ አልስማማም። የደም ሥር ጥበት እኛም ጋ እየጨመረ ቢመጣም በእኔ ተረኝነት አልጋውን ይዘው የማገኛቸው ብዙዎቹ ወጣቶች የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው ናቸው። በልጅነት የተያዘና በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ነው መነሻው፤ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ ተሳስቶ የራሱን የልብ ቫልቭ ያጠቃል፣ ቫልቩ ከዓመት ወደ ዓመት ይወፍራል፣ ጠርዞቹም ይጣበቃሉ። የጤነኛ ሰው ሚትራል ቫልቭ፣ ማለትም በልብ ግራ በኩል በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለው በር፣ ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ወደ 1.5 እና ከዚያ በታች ሲወርድ ጥበቱ ከባድ ይባላል። ደረጃ መውጣት አቅቷት የምትመጣ የ20 ዓመት ሴት፣ አንዳንዴም ነፍሰ ጡር፣ ከዚያ ያነሰ ይዛ ትመጣለች። ይህ ሕመም ከሀብታሞቹ አገሮች በአብዛኛው ከጠፋ ስለቆየ ምናባዊ ልብ የሚሠሩት ሰዎች ትኩረት ሌላ ቦታ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስሌት ቀዶ ሕክምና አያደርግም የሚል ነው። ታማሚዎቻችን የሚጠብቁት የሞዴል ውጤት ሳይሆን ተራ ነው። በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 ከተከፈተ ጀምሮ የአገር ውስጥ ሐኪሞችና ከውጭ የሚመጡ ቡድኖች የሚችሉትን ሁሉ እያደረጉ እንኳ ተጠባባቂው ብዙ ነው። አንድ ብር ቢኖረኝ ለቀዶ ሕክምና ክፍል ነው የማውለው።

ይህን ካልሁ በኋላ ስሌቱ ይረዳኛል የምለውን አንዱን ቦታ በቅንነት ልናገር። የጠበበ ሚትራል ቫልቭ ደረት ሳይከፈት በፊኛ ሊሰፋ ይችላል፤ ግን ለሁሉም አይሆንም። ለማን እንደሚሆን የምንወስነው በኤኮ አራት ነገሮችን፣ ማለትም የቫልቩን እንቅስቃሴ፣ ውፍረቱን፣ ከሥሩ ያሉትን ጅማቶችና የካልሲየም ክምችቱን አይተን ለእያንዳንዱ እስከ 4 ነጥብ በመስጠት ነው፤ ድምሩ 8 እና ከዚያ በታች ሲሆን ፊኛው ይመረጣል። ችግሩ 9 እና 10 ላይ ነው። እዚያ ላይ ሁለት ሐኪሞች አንዱን ቫልቭ አይተን የተለያየ ነጥብ ልንሰጥ እንችላለን፤ ፊኛው ቫልቩን በተጣበቀበት ጠርዝ ከመክፈት ይልቅ ገጹን ቢቀድደው ደሙ ወደ ኋላ ይመለስና በቀጠሮ ልትታከም የምትችል ታማሚ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። ፊኛው ከመግባቱ በፊት የት ላይ ሊቀደድ እንደሚችል የሚነግረኝ ስሌት ቢኖር እጠቀምበታለሁ።

---

እናት ከልደታ

የተማራችሁት መካከል መግባቴን ይቅር በሉኝ፤ ነገሩ ግን የልጄ ነው። ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዋን ባመማት ቁጥር ሰፈራችን አጠገብ ወዳለ አንድ ክሊኒክ እወስዳት ነበር፤ «ቶንሲል ነው» ይሉኝና የሦስት ቀን ኪኒን ሰጥተው ይመልሱኝ ነበር። ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ እየተፈራረቀ ሲያብጥ እንኳ በእድገት ነው ተባልሁ። ሩጫ አቅቷት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ስወስዳት ነው ኤኮ ተነሥታ ሚትራል ቫልቭ የሚለውን ቃል የሰማሁት። አሁን በየ28 ቀኑ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች፤ ቀኑን ከእኔ ቀድማ ቆጥራ የምታስታውሰኝ እሷ ናት።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። የልጄን ልብ በኮምፒውተር ሠርታችሁ ስትሞክሩበት በእሷ ላይ የሚደርስ ነገር አለ ወይ? ስሌቱ «ፊኛው ይሆናታል» ብሎ ተሳስቶ ቢገኝስ ተጠያቂው ማን ነው፤ ሐኪሙ ነው ወይስ ኮምፒውተሩን የሠራው?

---

አምስት ኪሎ (የባዮሜዲካል ምሕንድስና የድኅረ ምረቃ ተማሪ)

እትዬ፣ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አላደረጉም፤ እንዲያውም እኛ ልንጠይቀው የሚገባንን ነው የጠየቁት። ሙከራው የሚካሄደው በምስሉ ላይ ስለሆነ በልጅዎ አካል ላይ የሚደርስ ምንም ነገር የለም። አንድን ምናባዊ ልብ መቶ ጊዜ በፊኛ ብናሰፋው እውነተኛው ልብ አያውቀውም፤ ጥቅሙም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ይከብዳል። በሠለጠነ መንገድ የሚደረገው ስሌቱ መልሱን ሕክምናው ከመደረጉ በፊት ጽፎ እንዲያስቀምጥ ማድረግና በኋላ ከተለካው እውነት ጋር ማመሳከር ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ የሚጠይቀው ማስረጃ ስሌቱ ቢሳሳት በታማሚው ላይ በሚያስከትለው ጉዳት መጠን ይመዘናል፤ ሐኪሙን ለማማከር ብቻ የሚውለው ቀለል ያለ፣ ውሳኔውን ራሱ የሚወስነው ደግሞ ጥብቅ ማስረጃ ይጠየቅበታል። እዚህ እስክንደርስ ድረስ ወሳኙም ተጠያቂውም ሐኪሙ ሆኖ መቆየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ይህ ፈተና ሊታለፍ እንደሚችል ከልብ ውጭ ያለ ምሳሌ አለ። የቨርጂኒያና የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲዎች የስኳር ሕመምተኛን ሰውነት የሚመስል ስሌት ሠርተው 300 ምናባዊ ታማሚዎችን፣ ማለትም 100 አዋቂዎችን፣ 100 ወጣቶችንና 100 ሕፃናትን አዘጋጁ። ኢንሱሊንን በራሱ የሚመጥን መሣሪያ በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት በእንስሳት ፈንታ በእነዚህ ምናባዊ ሰዎች ላይ እንዲሞከር ያው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 ተቀበለ። በጆንስ ሆፕኪንስ ደግሞ የናታሊያ ትራያኖቫ ቡድን ሥርዓት ባጣ የልብ ምት የሚቸገሩ የ10 ታማሚዎችን ልብ ከኤም አር አይ ምስል ሠርቶ ምቱን የሚያዛባው ቦታ የቱ እንደሆነ አስቀድሞ በኮምፒውተር በመለየት እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱን አሳትሟል።

ስለ መነሻ ልክ መሐንዲሱ የጻፉትን ግን በራሴ ሥራ አይቼዋለሁ። ሲምቫስኩላርና ስሪዲ ስላይሰር የተባሉት ፕሮግራሞች በነጻ የሚገኙ ስለሆኑ የደም ሥር ቅርጽ ከሲቲ ስካን አውጥቼ የደም ፍሰቱን ማስላት ችያለሁ። ቅርጹን ካስገባሁ በኋላ ስለ ደሙ ውፍረት፣ ስለ ልብ ምቱና ስለ ሥሩ ግድግዳ ጥንካሬ የምሞላው ቁጥር አልነበረኝም። ባዶውን የሞላሁት ከሌላ አገር ጽሑፍ በተወሰዱ ቁጥሮች ነው። ኮምፒውተሩ አላጉረመረመም፤ ያማረ ባለቀለም ውጤት ሰጠኝ። መምህሬ «ይህ የማን ደም ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አጣሁ።

ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ደሙ በቀይ የደም ሕዋስ ይወፍራል የሚለው የመማሪያ መጻሕፍት አስተያየት በዋናነት የመጣው ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ነው። ሲንቲያ ቢል የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በሚኖሩ የአማራ ተወላጆች ላይ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ሲያሳትሙ ግን የሄሞግሎቢን መጠናቸውም ሆነ የደማቸው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ ከፍታችንን አይቶ የአንዲስን ደም በሞዴሉ ውስጥ የሚሞላ ሰው የአውሮፓን ደም ከሚሞላው የተሻለ ላይሆን ይችላል።

---

የፒያሳ ፋርማሲስት

ውይይቱ ልብ ላይ ስላተኮረ ጉበትን ላስታውሳችሁ፤ «የማን ደም ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከጉበት የበለጠ ምስክር የለም። መድኃኒት አምራቾች አንድ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለመገመት ምናባዊ ጉበት፣ ኩላሊትና አንጀት ያላቸውን ሰዎች በኮምፒውተር ይፈጥራሉ። በዚያ ጉበት ውስጥ የእያንዳንዱ ኢንዛይም መጠን በቁጥር ይሞላል።

ኮዴይን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እንውሰድ። ኮዴይን ራሱ የሚያስታግሰው ጥቂት ነው፤ በጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው የሚሠራው። የኢንዛይሙ ጂን ከአንድ በላይ ተደጋግሞ የሚገኝበት ሰው ሞርፊኑን በፍጥነትና በብዛት ያመርታል፤ ለሌላው ልከኛ የሆነው መጠን የእሱን ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ይህ የጂን ድግግሞሽ ተገኝቶባቸዋል፤ በሰሜን አውሮፓ ቁጥሩ ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው። በሌላ አነጋገር ለስቶክሆልም ሰው የተሠራ ምናባዊ ጉበት ወደ ፒያሳ መጥቶ ሳይታረም ቢሠራ ከሦስት ወይም ከአራት ደንበኞቼ በአንዱ ላይ ሊሳሳት ይችላል።

ስለዚህ የመሐንዲሱን ሐሳብ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ያንን ጥናት ያደረጉት ሰዎች ምናባዊ ጉበት ለመሥራት አስበው አልነበረም፤ ለኩና መዘገቡ፣ ልኩም ዛሬ አገለገለ።

---

የልብ ክፍል

ፋርማሲስቱ ያነሡት ነጥብ አቋሜን አለሳልሶታል። ከቀዶ ሕክምና ክፍል በፊት ለሞዴል ገንዘብ አላወጣም ያልሁትን አልተውም፤ ያለውን ምስል ላለመደምሰስ የሚወጣው ወጪ ግን ከቀዶ ሕክምና ክፍል ጋር የሚወዳደር አይደለም። ፊኛ የገባላቸው ታማሚዎች ከመግባቱ በፊትና በኋላ የተነሡት ኤኮ ጥንድ ሆኖ ቢቀመጥ ተማሪው «መልሱን አስቀድሞ ይጻፍ» ያለውን ፈተና ባለፉት ታማሚዎች ላይ ማድረግ ይቻላል። ስሌቱ የፊተኛውን ብቻ አይቶ ይተነብይ፤ እኛ የኋለኛውን እናውቀዋለን።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በደረት ላይ የሚነሣው የተለመደው ኤኮ ቫልቩን በስስ ገጽ ቆርጦ የሚያሳይ ነው፤ ሙሉ ቅርጹን ለማግኘት በጉሮሮ በኩል የሚገባው ባለሦስት ገጽታው ይሻላል፤ እሱ ደግሞ በየቦታው የለም። የመጀመሪያዎቹ ስሌቶች ሻካራ ይሆናሉ፤ ይህን አስቀድመን ካልተናገርን ታማሚዎችን እናታልላለን።

---

ሕግ ነክ (ጠበቃ፣ አራዳ)

ማስቀመጥ ሲባል በማን ፈቃድ የሚለው ሊዘለል አይገባም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ውስጥ ያስገባዋል። ለሕክምና የተነሣ ምስል ለምርምር ሲውል ዓላማው ተለውጧል፤ ስለዚህ ታማሚው፣ ለአካለ መጠን ካልደረሰም ወላጁ ወይም አሳዳጊው፣ ለየትኛው ሥራ እንደሚውል ተረድቶ ሊስማማ ይገባል። «ለሕክምና ተስማምቻለሁ» የሚል በመግቢያ ካርድ ላይ የሚፈረም አንድ መስመር በእኔ አስተያየት ለዚህ አይበቃም።

ስምን ከፋይሉ መሰረዝ ብቻውን ሰውን እንደማይሰውርም ልብ በሉ። በሜዮ ክሊኒክ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ከበጎ ፈቃደኞች የራስ ኤም አር አይ የፊታቸው ቅርጽ ተሠርቶ ከፎቶግራፋቸው ጋር በኮምፒውተር ሲመሳከር 83 በመቶው በትክክል ተለይተዋል። የልብ ኤኮ ፊት ስለማያሳይ አደጋው ያነሰ ነው፤ ይሁንና በፋይሉ ውስጥ ስም፣ የካርድ ቁጥርና የልደት ቀን ተጽፎ ስለሚገኝ ይህ ከተቋሙ ሳይወጣ መነቀል አለበት።

---

መለኪያ

የሐኪሙን እርማት ተቀብያለሁ፤ መነሻችን የእኛው የሚትራል ቫልቭ ይሁን። እኔ በምሠራባቸው ተቋማት የኤኮ መሣሪያዎቹ ቀረጻውን በምን መልክ እንደሚያስቀምጡና ለስንት ወራት እንደሚያቆዩት በዝርዝር መዝግቤ እዚሁ አቀርባለሁ። ተማሪው ስምና የካርድ ቁጥር የሚነቅለውን ፕሮግራም እንዲሞክር፣ ጠበቃው ደግሞ አንድ እናት ያለ አስረጂ ልታነብበው የምትችል የስምምነት ቅጽ በአማርኛ እንዲያረቁልን እለምናለሁ።

---

እናት ከልደታ

ያላችሁትን ማታ ለልጄ አነበብሁላት። የእሷ ልብም «የማን ነው?» ሲባል መልስ ከሚጠፋላቸው ውስጥ እንዳይሆን ነው የፈራችው፤ «እኔ ላይ የታየው ለሌላ ልጅ ይሆናል ማለት ነው?» አለችኝ። እኔ እስማማለሁ፤ እሷም ተስማምታለች፤ ቅጹ ሲመጣ ሁለታችንም እንፈርማለን። የሚቀጥለው ኤኮዋ በኅዳር ነው። እስከ ዛሬ የሚሰጡኝ አንድ ወረቀትና ሁለት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ቀረጻው እንዳይጠፋ ማንን፣ ምን ብዬ ልጠይቅ?

---

መለኪያ

እትዬ፣ ኤኮውን የሚያነሣውን ባለሙያ ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ይጠይቁት፤ ካለቀ በኋላ ሲሆን ተንቀሳቃሹ ምስል ሳይቀዳ ሊያልፍ ይችላል። «ፎቶውን ብቻ ሳይሆን ተንቀሳቃሽ ቀረጻውን በሙሉ በዳይኮም እንዲያስቀምጡልኝ እፈልጋለሁ» ይበሉ፤ ዳይኮም የሕክምና ምስል የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት ነው፤ ባለሙያዎቹ ቃሉን ያውቁታል። መጠኑ ከሲዲ ሊበልጥ ስለሚችል አዲስ ፍላሽ ይዘው ይሂዱ፤ ቫይረስ በመፍራት ፍላሽ የማይቀበሉ ተቋማት ስላሉ ባዶ ዲቪዲም ይጨምሩ። በዕለቱ የተለካውን ቁመቷን፣ ክብደቷንና የደም ግፊቷን በወረቀት ላይ አስጽፈው አብረው ያኑሩት፤ እነዚያ ቁጥሮች ከሌሉ ቀረጻው ለስሌት አይበቃም።